አርባ ሦስተኛው ገጽ

አርባ ሦስተኛው ገጽ የእኔ ነው። የቀረውን ማንም ይውሰደው፤ ስለ ቀረው ከማንም ጋር አልከራከርም።

መጽሐፍ ነው ለማለት ይከብዳል። በሆሳዕና ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚሸጥ፣ በስቴፕለር የተያዘ የእንግሊዝኛ ሞጁል ነው። ተማሪ የሚያምታታቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ሁለት ሁለት እያደረገ ያነጻጽራል፤ ትርጉማቸውን፣ የት እንደሚገቡና የት እንደማይገቡ ይናገራል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከሆመቾም ከሀቢቾም እየመጡ ይገዙታል። ሽፋኑ ላይ የአዘጋጁ ስም በትልቁ ተጽፏል። ያ ስም የእኔ አይደለም። እዚህም አልጽፈውም። የማንንም ስም አልጽፍም፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ያሉት ሁለት ቃላት «ሮት» እና «ፈርመንት» ናቸው። አንዱ መበስበስ ነው። ሌላው ሊጥ ሲቦካ፣ ቆጮ ሲብላላ የሚሆነው ነገር ነው። በአማርኛም ሆነ በሀዲይኛ፣ እኔ በተወለድኩበት በዶዮገና በኩል በሚነገረው በከምባትኛም ቢሆን፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያምታታ ሰው የለም። በእንግሊዝኛ ግን አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም መምህር፣ በሰው ፊት አምታታቸው። ነገሩ የጀመረው ከዚያ ነው።

ክረምት ነበር። ከየወረዳው የተሰበሰብን የእንግሊዝኛ መምህራን ስልጠና ላይ ነበርን። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «እያንዳንዳችሁ ተነሱና የቤታችሁን ምግብ በእንግሊዝኛ አስረዱ» አለን። ከእኔ ትምህርት ቤት የመጣው ባልደረባዬ ቀድሞ ተነሳ። እሱ ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚነሳው። በዕድሜ ትንሽ ስለሚበልጠኝ «እሳቸው» ብዬ ልጽፍ ይገባኝ ነበር፤ እጄ እሺ አላለኝም።

እንሰቱ እንዴት እንደሚፋቅ፣ የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ እንዴት ጉድጓድ እንደሚገባ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ከዚያ «እስኪበሰብስ እንጠብቅና ጋግረን እንበላዋለን» አለ። የተጠቀመው «ሮት» በሚለው ቃል ነው።

አሰልጣኙ መነጽሩን አወለቀ።

«ይቅርታ፣ የበሰበሰ ትበላላችሁ ማለት ነው?»

«አዎ። ለጤናም ተስማሚ ነው» አለ ባልደረባዬ ኮስተር ብሎ።

ከኋላ አንዱ «ከነትሉ ነው ወይስ ተለቅሞ?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ቆጮ በልተው ያደጉት ሁሉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን አልተናገርኩምም። የትኛው ቃል እንደሚገባ አውቅ ነበር። ያን ጊዜ በአዳራሽ ውስጥ እጄን የማነሳ ሰው አልነበርኩም። ይህንንም በራሴ ላይ እቆጥረዋለሁ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። ተማሪዎቼ የሚያምታቷቸውን ቃላት የምጽፍበት አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበረኝ። ለእነዚህ ሁለት ቃላት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። አማቴ አስተምራኛለች።

እንዴት እንዳስተማረችኝ ልናገር። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት የቆጮውን ጉድጓድ ለእኔ አስረከበችኝ። በእኛ አገር ወንዱ እንሰቱን ይተክላል፣ ይነቅላል። ከመፋቅ ጀምሮ ያለው ግን የሴት ነው፤ ወንድ ወደዚያ አይቀርብም። ጉድጓድ የገባ ቆጮ ደግሞ ዝም ተብሎ አይተውም። በየጊዜው ይከፈታል፣ ይገለበጣል፣ ውሃው ይጠነፈፋል፣ ያረጀው ቅጠል በአዲስ ይተካል፣ ተጠቅጥቆ እንደገና ድንጋይ ይጫንበታል። ያን ሰሞን እኔ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ ሌላ ሳምንት ወለደ። ሲከፈት ጠቁሮ፣ ትል አፍርቶ ተገኘ። የቤተሰቡ የወራት ምግብ ነበር።

አማቴ አልጮኸችብኝም። ጎረቤቶቿን ጠራች።

«ኑ እዩ፤ የተማረች ምራት አምጥተናል» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራም፣ «ወረቀት ስታገላብጪ ይሄን ማን ያገላብጥልሽ መስሎሽ ነበር፣ ልጄ?» አለችኝ።

«ልጄ» ያለችኝን ነው ያልረሳሁት። ካረፈች ብዙ ዘመኗ ነው። ይቅር ብያታለሁ ብዬ በቤተ ክርስቲያን ተናግሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ዝም እላለሁ።

እንግዲህ ያን ቀን ከስልጠናው ተመልሼ የጻፍኩት ይህን ነው። ጥርስ ሮት ያደርጋል፤ ጥርስ ፈርመንት አያደርግም። የጣሪያ እንጨት፣ ከረጢት ውስጥ የተረሳ ድንች፣ ውሃ የገባበት እህል፣ እነዚህ ሁሉ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። እንግሊዞች ክፉ ሰውንም በዚያው ቃል ይጠሩታል። ሁለተኛው ቃል ለሊጥ፣ ለእርጎ፣ ለቆጮ ነው፤ የሕዝብ ልብ ውስጥ ውስጡን ሲንተከተክም ጸሐፊዎች ይጠቀሙበታል። ብዙ ሰው ሁለቱን የሚለየው በሽታቸው ነው፤ ሽታ ግን ያሳስታል። ጊዜም አይለያቸውም፤ ጊዜ ሁለቱንም ያመጣል። ከዚያ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሚብላላው እጅ የተመላለሰበት ነው፤ የሚበሰብሰው እጅ የረሳው ነው» ይላል። ከዓረፍተ ነገሩ ሥር የጉድጓዱን ሥራ ከመክፈት እስከ ድንጋይ መጫን በተራ ዘረዘርኩት። አንድ ገጽ ሆነ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

በሳምንቱ ትምህርት ተጀመረ። በመምህራን ማረፊያው ባልደረባዬ ጥግ ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ፣ የሚገባው ሁሉ «የበሰበሰው እንዴት አደረ?» እያለው ያልፋል። አዘንኩለት። ደብተሩን ከፍቼ ገጹን አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄን ያን ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ቀድመህ ተነሳህ።»

«እህቴ፣ ለሁለት ቀን አውሺኝ። ልገልብጠውና እመልሳለሁ።»

ሰጠሁት። ሁለቱ ቀን ወር ሆነ። ስጠይቀው «ቤት ስንቀይር የት እንደገባ እንጃ፣ እፈልገዋለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ «አንተ» ነበር የምለው።

በሚቀጥለው ዓመት ሞጁሉ ወጣ። እሱም የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ኃላፊ ሆነ። ከሞጁሉ ብዙው ከየመጽሐፉ የተለቃቀመ ነው። አርባ ሦስተኛው ገጽ ግን ከላይ እስከ ታች የእኔ ነበር፤ ጥርሱም፣ ድንቹም፣ የጣሪያው እንጨትም። የለወጠው መጨረሻውን ብቻ ነው። የእጁን ዓረፍተ ነገርና የጉድጓዱን ሥራ ዝርዝር አውጥቶ፣ «ሁለቱን የሚለያቸው የጊዜ ርዝመት ነው፤ ቶሎ የወጣ ይበሰብሳል፣ ሳይነካ ለረጅም ጊዜ የቆየ ይብላላል» የሚል አስገባ። ሊያሳጥረው ይሁን ሊያሻሽለው ብሎ አላውቅም። ጉድጓዱ ሲዘጋ አይቷል፣ ቆጮው ሲወጣ አይቷል። በመካከል ማንም ወደዚያ የሚሄድ አልመሰለውም።

ሰው ሲሰርቅ እንኳ እንዳለ ነው የሚሰርቀው።

አንድ ጊዜ አመለከትኩ። የዚያን ጊዜው ርዕሰ መምህር ቢሮ ገብቼ ቆሜ ተናገርኩ። «አንቺ ደግሞ፣ አንድ ገጽ ለወንድምሽ ብትሰጪ ምን ይጎድልብሻል? በዚያ ላይ እሱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው» አለኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሰምቶ ኖሯል። «ተይው፤ ስማችንን አታስነሺ» አለ። ስለ ባለቤቴ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ዛሬ በሕይወት የለም።

ተውኩት። ነገሩ ግን አልተወኝም። ክፍል ገብቼ ሁለቱን ቃላት በትክክል አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቹ በፈተና «ሳይነካ የቆየ ይብላላል» ብለው ይጽፋሉ። ኤክስ አደርግበታለሁ። ሞጁሉን ይዘው ጠረጴዛዬ ድረስ ይመጣሉ።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ እንዲህ ነው የሚለው።»

«የሚለው ስህተት ነው።»

«ታትሟል እኮ፣ ቲቸር።»

አንድ አባት ልጄን በደለችብኝ ብሎ ከዶዮገና መንገድ አቋርጦ መጣ። ገጹን ከፍቶ በጣቱ እየመታ አስነበበኝ። ሳልከራከር ለዚያ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። በገዛ ገጼ ተፈርዶብኝ ጡረታ ወጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ቂም እንደ ቆጮ ቀብረሽ አቆየሽ የሚለኝ ይኖራል። ይበል። ስሙ ያልተወሰደበት ሰው ለመምከር ይቀለዋል።

ባለፈው ዓመት አሁን ያለችው የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ቤቴ መጣች። ተማሪዬ ነበረች። የታተሙ ወረቀቶች በፕላስቲክ ይዛለች።

«ቲቸር፣ ሞጁሉ እንደ አዲስ ሊታተም ነው፤ በማተሚያ ቤት፣ በወፍራም ሽፋን። በዞኑ ላሉ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ይበተናል። ፊደሉን ብቻ ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»

«ፊደሉን ብቻ?»

«ስህተት ይዞ እንዳይወጣ ነዋ።»

አርባ ሦስተኛውን ገጽ አወጣሁና ከፊቷ አስቀመጥኩት። «ይኸው ስህተት።»

አነበበችውና ሳቀች። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ራሴ በዚህ ነው ያለፍኩት!»

«አንቺ ጉድጓድ ከፍተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ቆጮ ከገበያ ነው የምገዛው።»

ያን ጊዜ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። ለባለቤቴ እንኳ እንዲያ በቅደም ተከተል ነግሬው አላውቅም። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ማስረጃ አለዎት፣ ቲቸር?»

«ደብተሩ እሱ ጋ ነው የቀረው።»

«ምን ይደረግ ይላሉ?»

«ሁለት ነገር። ያ ዓረፍተ ነገር ይታረም። ከገጹ ግርጌ ስሜ ይጻፍ። በትንሹ ይሁን፤ ግን ይጻፍ።»

«ያለ አዘጋጁ ፈቃድ አልችልም።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድ።»

በማግስቱ ሄድን። ቤቱ ከመናኸሪያው በላይ ነው። አርጅቷል፣ ከዘራ ይዟል። ስገባ ለመነሳት ሞከረ።

«እህቴ! ስንት ዘመን! ጠፍተሽ ጠፍተሽ!»

«እንደምን አሉ?» አልኩት። አንቱታው ገብቶታል፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

ባለቤቱ ሻይና ቆሎ አቀረበችና በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። የሆመቾ ሴት ናት። ስለ እሷ ያን ጊዜ ብዙም አላውቅም ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን በሩቁ ሰላም እንባባላለን። ሀዲይኛዬ ደካማ ስለሆነ የምንግባባው በአማርኛ ነው።

ተማሪዬ የነበረችው ልጅ ጉዳዩን በትህትና አስረዳች። እሱ ከዘራውን እያሽከረከረ ሰማ።

«የእንሰቱን ምሳሌ ከእሷ ሰምቼ ይሆናል፤ አልክድም። እንሰት ግን የሁላችን ነው፤ የማን ነው ሊባል ነው?»

«ደብተሬስ?» አልኩ።

«የቱ ደብተር?»

«ሰማያዊው።»

«እህቴ፣ በዚህ ዕድሜያችን ደብተር እንፈላለግ?»

ልጅቷ ወረቀቷን ማጣጠፍ ጀመረች። የመጣሁበት ነገር ከእጄ ሊወጣ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ ባለቤቱ ዞርኩ።

«እህት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቆጮ ጉድጓድ ካስገባሽ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው? እየከፈትኩ አየዋለኋ።»

«እዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ሳይነካ ይቆያል ይላል።»

«ማነው ያለው?»

«ባልሽ።»

የያዘችውን ሳህን መሬት አስቀመጠች። ሳቋ ከሆዷ ነበር የመጣው። «አንተ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት ጓሮ የምወጣው ንፋስ ልቀበል መስሎህ ነው? ሳይነካማ ቢቆይ ትሉ ራሱ ድንጋዩን ገፍቶ ይወጣል!»

«ዝም በይ፤ ይሄ እንግሊዝኛ ነው እንጂ ቆጮ አይደለም» አላት።

«እንግዲያ ማታ እንግሊዝኛህን ብላ!»

ልጅቷ አፏን በወረቀቱ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ እስክሪብቶ አውጥታ ሴትየዋ ስትናገር መጻፍ ጀመረች። ሴትየዋም አንድ በአንድ ነገረቻት፤ አከፋፈቱን፣ አገለባበጡን፣ ቅጠል አለዋወጡን። እሱ እስክትጨርስ ግድግዳውን ያያል።

«በቃ፣ ይታረም» አለ በመጨረሻ። «ስለ ስሙ እኔና ልጅቷ እንነጋገራለን።»

ሲሸኘን በር ላይ እጄን ይዞ «ይቅር እንባባል» አለኝ። «ሲታተም» አልኩት።

ታተመ። ልጅቷ አንዱን በሰው ላከችልኝ። ሽፋኑ ላይ የእንሰት ፎቶ አለ። ቆሜ አርባ ሦስተኛውን ገጽ ገለጥኩ። ታርሟል። «የሚብላላው እጅ የተመላለሰበት ነው» የሚለው እንግሊዝኛዬ ነጠላ ሰረዙ እንኳ ሳይጎድል ቦታው ተመልሷል። ከሥሩ የጉድጓዱ ሥራ ዝርዝር እኔ በጻፍኩበት ተራ ገብቷል። ይህን እንግሊዝኛ ለልጅቷም ለሴትየዋም አንብቤላቸው አላውቅም፤ እኔም በቃሌ የያዝኩት ዋናውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ደብተሩ አለ ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ቤቱ ነበረ፤ ከሄድን በኋላ አውጥቶ ገልብጦታል።

ከገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል አንድ መስመር አለ። አዘጋጁ ስለ ባህላዊ ዕውቀቷ ባለቤቱን ያመሰግናል። ስሟ ተጽፏል።

ልጅቷ ጋ ደወልኩ።

«ቲቸር፣ አዘጋጁ ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሲያስረዱ የሰማሁት እሳቸውን ነው» አለችኝ፤ ሴትየዋን ማለቷ ነው። «እርስዎ ማስረጃ ቢኖርዎት ኖሮ…»

«ያቺን ሴት ማን ጠየቃት?»

«ዋናው መታረሙ አይደል፣ ቲቸር?» አለች። ስልኩን ዘጋሁት። እንዲህ የሚሉኝን ሰዎች መቁጠር ትቻለሁ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሴትየዋ ናት፤ ከነጠላዋ ሥር መጽሐፉን ይዛለች። ሳትቀመጥ አወጣችው።

«ስሜ አለበት ይሉኛል። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምን እንዳልኩ እንኳ አላውቅም። አንብቢልኝ እስቲ፣ እህቴ።»

ወደ ሌላ ሰው ልልካት አሰብኩ። ከዚያ ገለጥኩና አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ጥርሱ ጋ ሳቀች። ድንቹ ጋ ራሷን ነቀነቀች። እጁ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ይሄን እኔ አላልኩም።»

«ምን ብለሽ ነበር?»

«ትሉ ድንጋዩን ገፍቶ ይወጣል ነው ያልኩት። ይሄኛው ታስቦ የተጻፈ ነገር ነው። የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ። «ቤታችሁ ባለ ሰማያዊ ደብተር ውስጥ በእጄ ጽፌዋለሁ።»

ስሟ የቱ ጋ እንዳለ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሳየኋት። በጣቷ ነካችው።

«ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከምስክር ወረቀቶቹ ጋር» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የድሮ ሒሳብ መስሎኝ ነበር።»

«ታመጪልኛለሽ?»

«ባሌ ነው፣ እህቴ» አለች። መጽሐፉን ነጠላዋ ሥር መልሳ፣ ሻይም ሳትቀምስ ሄደች።

ደብተሩ እስካሁን አልመጣም። ገበያ ስንገናኝ ቀድማ እሷ ናት ሰላም የምትለኝ፤ አንዳንዴ ከያዘችው ቆጮ ቆርሳ በቅጠል ጠቅልላ ዘንቢሌ ውስጥ ታስቀምጥልኛለች። ጥሩ ቆጮ ነው። እሷ ላይ የምይዘው ቂም ፈልጌ አጣሁ፤ ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው።